«ነጻ» ከ«ክፍት» ይለይ፦ በመማሪያ ጽሑፎች የመብት ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚያዘጋጇቸው የመማሪያ ጽሑፎች በኢንተርኔት መሰራጨት ከጀመሩ ወዲህ «ነጻ» እና «ክፍት» የተሰኙት ቅጽሎች በትርጉም ሥራ ላይ እንደ ተመሳሳይ ቃላት ሲያገለግሉ ይታያል። አሠራሩ ስሕተት መሆኑን አንድ የአገራችን ምሳሌ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሺየቲቭ አማካይነት የጎንደር፣ የጅማና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ከካርተር ማእከል ጋር በመተባበር በርካታ የጤና መማሪያ ጽሑፎችን አዘጋጅተዋል። በጽሑፎቹ መግቢያ የሠፈረው ማስታወቂያ ለትምህርት ዓላማ ያለ ክፍያ ማተምንና ማባዛትን ይፈቅዳል፤ የአዘጋጆቹ ስም እንዳይፋቅ ያዛል፤ መሸጥን ይከለክላል። ከዚህ ውጭ ላለ አገልግሎት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለሆነም በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል የሚያስተምር ሐኪም ጽሑፉን አባዝቶ ለተማሪዎቹ ቢያድል የሚከለክለው የለም፤ ያንኑ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መልሶ ቢያሰራጭ ግን ከተሰጠው ፈቃድ ወሰን ያልፋል። ጽሑፉ በነጻ ይገኛል፤ ክፍት ግን አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ መሠረት ክፍት የሚባለው ማሻሻልንና መልሶ ማሰራጨትንም የሚፈቅድ ነው።

የችግሩ ሥር «የቅጅ መብት» በተሰኘው ስያሜ ውስጥም ይገኛል። «ቀዳ» ውሃን ከምንጭ፣ ድምፅን ወደ ካሴት፣ ጽሑፍን ከጽሑፍ መውሰድን ያመለክታል፤ መተርጎምን ግን አያስታውስም። አንባቢውም የተከለከለው መገልበጥ ብቻ ይመስለዋል። ሆኖም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመተርጎምን መብት ጭምር ለባለመብቱ ሰጥቷል። እንግዲህ በስያሜው ከማንም በፊት የሚሳሳተው ተርጓሚው ነው።

«ፈቃድ»ም ሁለት ጭነት ተሸክሟል። አንዱ ለጠያቂ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሌላው እንደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ለሁሉም አስቀድሞ የታወጀ ነው። ከዚሁ ድርጅት ስድስት ፈቃዶች መካከል እንኳ ሁለቱ የተለወጠ ሥራን ማሰራጨት ስለሚከለክሉ፣ በእነርሱ ሥር የወጣ ጽሑፍ ተተርጉሞ ሊታተም አይችልም።

በመሆኑም ዋጋን ለማመልከት «ያለ ክፍያ» ቢባል፣ «ክፍት» ማሻሻልና መተርጎም ለተፈቀደባቸው ጽሑፎች ብቻ ቢወሰን፣ ለሁሉም የታወጀው ፈቃድም «የአጠቃቀም ፈቃድ» ተብሎ ቢለይ ይበጃል። «የቅጅ መብት» በሕግ የጸና ስያሜ ስለሆነ ይቆይ፤ መዝገበ ቃላት ግን በፍቺው ላይ መተርጎምን በስሙ ሊጠቅስ ይገባል።