ከቃሬዛ እስከ ሳሎን፦ የኢምሶች ማረፊያ ወንበር ውበት ከየት መጣ?

በቁጥር 670 የሚታወቀው የዲዛይነሮቹ ባልና ሚስት የቻርልስና የሬይ ኢምስ ማረፊያ ወንበር ጎኑ ላይ የሚሳብ ማንሻ የለውም። ይዞራል፤ ግን ወደ ኋላ አይለጠጥም። መቀመጫው 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ በዚያው ረግቷል። የተቀመጠበት ሰው ቀጥ ልበል ቢልም ሙሉ በሙሉ ልጋደም ቢልም ወንበሩ አይታዘዘውም። ታዲያ እንዲህ ያለ ግትር ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ እስከ ዛሬ ሲሠራና ሲፈለግ የኖረው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቆዳው፣ የእንጨቱ ጌጥና የባለቤቱ ክብር ነው። እኔ ግን ምሥጢሩ ያለው ከሳሎን ርቆ፣ በተሰበረ እግር ላይ ነው እላለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር ቁስለኞቹን ሲያጓጉዝ እግራቸውን የሚያስረው በብረት መደገፊያ ነበር። ቃሬዛው በተነቃነቀ ቁጥር ብረቱ ንዝረቱን እያባሰ ወደ ቁስሉ ያደርሰዋል። ኢምሶች ይህን ከአንድ ሐኪም ወዳጃቸው ሰሙና ቻርልስ ልኩን በገዛ እግሩ ወስዶ በኮምፔንሳቶ ሌላ መደገፊያ ለመሥራት ተነሡ። ኮምፔንሳቶ በአንድ አቅጣጫ መታጠፍ አይቸግረውም። ጉልበትና ተረከዝ ግን በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ይጎብጣሉ፤ እዚያ ላይ ሉሁ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንጨቱ የሚጨነቅበትን ቦታ ቀደዱለት። ያው ቀዳዳ የፋሻ ማሾለኪያም ሆነ። ወጌሻ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ስንጥር ሲያስር ያየ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፦ ድጋፉ ከጠበቀ ያሳምማል፣ ከላላ አጥንቱ ይዛነፋል። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ 150,000 ያህል መደገፊያ ተመርቷል።

የኮምፔንሳቶው ሙከራ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ባልና ሚስቱ በ1941 ተጋብተው ሎስ አንጀለስ እንደ ገቡ በአፓርታማቸው ውስጥ «ካዛም!» ያሉትን ማሽን ሠርተው ነበር። በኤሌክትሪክ በሚግል የጄሶ ፎርማ ላይ ኮላ የተቀባ ስስ የእንጨት ልጣጭ ይደራርባሉ፤ ከዚያ የብስክሌት ጎማ በሚነፋበት ፓምፕ ከረጢት ነፍተው ልጣጩን ከፎርማው ጋር ያጣብቁታል። የሚመኙት መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ የሆነ ወንበር ነበር። አልሆነላቸውም። ወገብ በሚያርፍበት እጥፋት ላይ እንጨቱ እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው። በጦርነቱ ማግሥት ያወጧቸው ወንበሮች መቀመጫቸውና መደገፊያቸው የተለያየው በዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ በ670 ላይ የምናደንቀው በሦስቱ የእንጨት ቅርፊቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ፣ ወንበሩን ያን ያህል ቀላል አድርጎ የሚያሳየው እሱ፣ ልጅነቱ የዚያ ሽንፈት ነው።

ወንበሩን ቀረብ ብለን እንየው። ራስ፣ ጀርባና መቀመጫ የየራሳቸው ቅርፊት አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ቅርፊቱ ባለ 5 ንብርብር ነበር፣ ኋላ 7 ሆኗል። በየቅርፊቱ ውስጥ በቁልፍ የተወጋ የቆዳ ትራስ አለ፤ ቁልፉ ቆዳውን ወደ ውስጥ ስለሚስበው ትራሱ አዲስ ሆኖም ሰው ገና አሁን የተነሣበት ይመስላል። ቻርልስ ሲመኘው የነበረው ብዙ የተሠራበት የቤዝቦል ጓንት ዓይነት ገጽታ እንደ ነበር ይነገራል። ጓንት የሚለሰልሰው በእጅ ላብ ነው፤ እዚህ ግን ልስላሴው አስቀድሞ ተሰፍቷል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ቤቶች የተስፋፋው ሌላው የዕረፍት ወንበር ማንሻው ሲሳብ ጀርባው የሚጋደም፣ እግር ማሳረፊያው ከሥሩ ብቅ የሚል ነበር። ያ ወንበር ለባለቤቱ ይታዘዛል፤ ለዚህም ሲል ሆዱን በብረትና በስፕሪንግ ይሞላና ይወፍራል። 670 መታዘዙን ስለተወው ነው ቀጭን ሊሆን የቻለው። እንደ እግር መደገፊያው ሁሉ ትክክለኛው አቀማመጥ ይህ ነው ብሎ ወስኖ ሰውየውን እዚያ ያረጋዋል። ብዙ ሰው ምቾት የሚመስለው ምርጫ ነው። የደከመ ሰው ግን አንዳንዴ የሚናፍቀው ሌላ የሚወስንለት ማግኘትን ነው። የዚህ ወንበር ማራኪነት በዚህ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

ስለ ሬይ ዝም ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው። በ1956 ወንበሩ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲቀርብ ቀድሞ የቀረበው ቻርልስ ነበር፤ እርሷ የተዋወቀችው ከጀርባው እንዳለች ሴት ተደርጋ ነው። ሬይ ግን የሠዓሊው የሃንስ ሆፍማን ተማሪ የነበረች ሠዓሊ ናት። ያንኑ የእግር መደገፊያ ቆራርጣ ቅርጻ ቅርጽ ሠርታበታለች። የቅርፊቶቹን ጠርዝ በዓይኑ ተከትሎ የሄደ ሰው የሠዓሊ እጅ ያገኛል። በሙያው ጽሑፎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የባሏ ስም ብቻ መነሣቱ ወንበሩን ራሱን በግማሽ ዓይን እንድናይ አድርጎናል።

የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ገጽታ የብራዚል ሮዝውድ ነበር፤ በ1992 ዛፉ በዓለም አቀፍ ንግድ እንዳይሸጥ ስለታገደ አምራቾቹ ወደ ሌላ እንጨት ዞረዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የማይታየው ክፍል ነው። ከፊት አንድም ብሎን አይታይም፤ ጀርባውን ከመቀመጫው ጋር የሚይዙት የእጅ መደገፊያዎቹ ናቸው፣ እነሱም የታሰሩት ከቅርፊቱ ጋር በኮላ በተጣበቁ የጎማ ቁራጮች ላይ ነው። ሰው ሲደገፍ ጀርባው በስሱ እሺ የሚለው በዚህ ጎማ ነው። ጎማው በዕድሜ ሲደርቅ ኮላው ይለቃል፣ ያን ጊዜ ጀርባው ከነተቀመጠበት ሰው ሊወድቅ ይችላል። አሮጌ 670 የሚገዛ ሰው ከቆዳው በፊት መመርመር ያለበት ይህን ነው።

670 ከወጣ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ኢምሶች ለወዳጃቸው ለፊልም ዳይሬክተሩ ለቢሊ ዋይልደር ሌላ ማረፊያ ሠሩ። ዋይልደር በሥራ መሐል አጭር እንቅልፍ ይወድ ነበር። የሠሩለት መጋደሚያ ስፋቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የተኛበት ሰው እጆቹን ደረቱ ላይ ከማጣመር በቀር ሌላ ማሳረፊያ አያገኝም። እንቅልፉ ሲከብደው እጆቹ ይላላሉ፣ በጎንና በጎን ይንሸራተታሉ፣ እሱም ይነቃል።