የጤና መድን ሕግና የላስታ ገበሬ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበውን ገንዘብ እያሳደገ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። አንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ሰው ሕክምና እንዲያገኝ ይመኛል። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚችል አይነግረውም። ይህን ዘርዝረው ማስረዳት የሚገባቸው ከእርሱ በታች ያሉት ሕጎች ስለ ሆኑ፣ ልንመረምር የሚገባንም እነርሱን ነው።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን የሚመለከተውም ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ነበር። ይሁን እንጂ መዋጮው የሚጀመርበት ቀን እየተላለፈ አዋጁ ከ10 ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን የራሱ አዋጅ ሳይኖረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። አዋጅ የወጣለት ቆሞ ሳለ አዋጅ ያልወጣለት መራመዱ የሚያስገርም ነው።

የዚህ መድን ጥቅም አይካድም። ገበሬው በታመመ ጊዜ በሬውን ከመሸጥ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ የድኻ ድኻ ለሆነውም ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ስለዚህ በገንዘብ በኩል ያለው ደጅ ተከፍቷል ማለት ይቻላል። ወደ ደጁ የሚያደርሰው መንገድ ግን ገና ነው።

ላስታን እንመልከት። ነአኩቶ ለአብ ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ የአካባቢው ሰው ከከተማው ሐኪም ቤት በእግሩም ቢሆን ይደርሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የሚኖረው ግን ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል መውረድ አለበት። ተሸካሚዎቹ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ መድኑ የሚከፍለው ለሕክምናው እንጂ ለጉዞው አይደለም። የመዋጮው ተመን ግን ሩቅና ቅርብ አይለይም። እኩል አዋጥተው እኩል የማይታከሙ ከሆነ የሕጉ እኩልነት በወረቀት ላይ ይቀራል፤ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው።

በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክትባቱና ምክሩ በእነርሱ ደርሷል። ሆኖም ምጥ የጠናባት ሴት የምትፈልገው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። አምቡላንስም መኪና መንገድ ካለቀበት አያልፍም።

ገበሬው ለጤና ሲከፍል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመሬት ግብሩ ጋር የጤና ግብር ይከፍል ነበር፤ ሐኪም ቤቶቹ ግን በአብዛኛው በከተማ ተወስነው ቀሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ጣቢያዎችን ባዶ አድርጎ ሄደ። የመድን ደብተር የያዘ ሰው መድኃኒት ሲያጣ በሚመጣው ዓመት ለምን ያዋጣል?

ስለዚህ ሕጉ ሦስት ነገር ሊጨምር ይገባል። ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር ጉዞ ሰዓት ይለካ፤ ለሩቁ ሰው የማጓጓዣውን ወጪ ይሸፍን፤ መድኃኒት ያላገኘው አባል ከውጭ የገዛበት ገንዘብ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲመለስለት፣ ካልተመለሰለትም የሚከስበትን ቦታ ይጻፍ። መብት የሚጠየቅበት ስፍራ ከሌለው ምጽዋት ሆኖ ይቀራልና።