ካርዱ መጨረሻ ላይ ይመረጣል

ኮምፒውተር መጠገንና ማሻሻል እንጀራዬ ነው። ወደ መሥሪያ ቤቴ ከሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ገንዘቡን ያጠራቀሙት ከኪስ ገንዘባቸው ወይም ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ቆጥበው ነው፤ አለዚያም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ስመጣ ምን ልያዝልህ?» ብሏቸዋል። ገንዘቡ በቀላሉ አይገኝም፣ ዕድሉም ደጋግሞ አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄው የችኮላ መልስ አይገባውም። በዚህ ሥራ ውስጥ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፦ ካርድ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ በየተራ ይመረመራሉ። እነሱ በደንብ ከታዩ ምርጫው ወደ ሁለትና ሦስት ካርዶች ይጠባል።

ከስክሪኑ የምጀምረው የካርዱን የሥራ ብዛት የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ላይ ካርዱ ለእያንዳንዱ ምስል 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦችን ያሰላል። 2560 በ1440 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 3.7 ሚሊዮን ያድጋል፤ 4ኬ የሚባለው ደግሞ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል። አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ካርድ፣ ነገር ግን አራት እጥፍ ሥራ ማለት ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ምስል ማሳየት እንደሚችል አያለሁ። 60 ኸርዝ የሆነ ስክሪን በሴኮንድ የሚያሳየው 60 ምስል ነው። ካርዱ 140 ቢያመርት ጨዋታው ለእጅ ትንሽ ፈጠን ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ትርፉ ምስል ግን ለዓይን አይደርስም። አሮጌ 1366 በ768 ስክሪን ይዞ ውድ ካርድ ለሚጠይቀኝ ልጅ «መጀመሪያ ስክሪኑን ቀይር» የምለው ለዚህ ነው። ለውጡን በዓይኑ የሚያየው ያኔ ነው።

ከዚያ የሚጫወተውን እጠይቃለሁ። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ዛሬ መጠነኛ ካርድ በደንብ ያጫውተዋል። የእግር ኳስ ጨዋታዎችም ብዙ አይጠይቁም። ምሽቱን ከጓደኞቹ ጋር ኳስ የሚጫወት ሰውና አዳዲስ ጨዋታዎችን በወጡበት ወር መሞከር የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ካርድ አያስፈልጋቸውም። ሁለቱን በአንድ ምክር መሸኘት የአንዱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በእርግጥ የደከመው ካርዱ ነው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ጨዋታ ሲንቀራፈፍ ወዲያው ጥፋቱን በካርዱ ላይ ያደርጋል። ነገር ግን እያንዳንዱን ምስል ካርዱ ከመሣሉ በፊት ፕሮሰሰሩ ማዘጋጀት አለበት። ግንበኛ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ድንጋይ አቀባዩ ካልደረሰለት ቆሞ መጠበቁ አይቀርም። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጨዋታውን ክፈቱ፣ የምስሉን ጥራትና ሬዞሉሽኑን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፣ የፍሬሙን ቁጥር (በሴኮንድ የሚሣለውን ምስል ብዛት) ተመልከቱ። ቁጥሩ ብዙ ከጨመረ ወደ ኋላ የሚጎትተው ካርዱ ነው፤ አዲስ ካርድ ይጠቅማችኋል። ቁጥሩ ከነበረበት ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ያለው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ጋ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ታስክ ማናጀርም ይታያል፦ ካርዱ ወደ መቶ በመቶ እየተጠጋ ከሠራ እሱ ደክሟል፤ ጨዋታው እየተንቀራፈፈ ካርዱ በግማሽ ኃይሉ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንድ ብቻ ራም የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ እኩያውን ሁለተኛ ራም መጨመር በትንሽ ዋጋ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው፤ በከተማችን በአዲስ አበባ ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እዚህ በብዛት የማያቸው የጌም ኮምፒውተሮች ከቢሮ አገልግሎት የወጡ የዴል እና የኤችፒ ዴስክቶፖች ናቸው። ጠንካራና በዋጋም የሚቀመሱ ናቸው፤ ሲሠሩ ግን ጌም ታስቦ አልነበረም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ አጎቴ ከዱባይ እየመጣ ነው፤ አርቲኤክስ 4060 እንዲያመጣልኝ ልንገረው?» አለኝ። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ከፍተን እንየው» አልኩት።

ስንከፍተው ያገኘነው ይህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 290 ዋት ነው፤ ለካርድ ተብሎ የወጣ ገመድ የለውም። ማዘርቦርዱን የሚመግበው መሰኪያም የፋብሪካው የራሱ ቅርጽ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ አይገጥምለትም። አርቲኤክስ 4060 እስከ 115 ዋት ይወስዳል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ስሎት ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ቀሪው በተለየ ገመድ መምጣት አለበት። ባለ ስድስት እግር ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ ስምንት እግር 150 ዋት ያመጣል፤ ይህ ኮምፒውተር ሁለቱም የሉትም። ገበያ ላይ የሃርድ ዲስክን ገመድ ወደ ካርድ ገመድ የሚቀይር ርካሽ መቀየሪያ ይሸጣል፤ እኔ አልገጥምም፣ ሌላውም እንዲገጥም አልመክርም። ሃርድ ዲስክን የሚመግበው የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የተፈቀደለት 54 ዋት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጎተትበት ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ለልጁ የተመረጠው ያለ ተጨማሪ ገመድ፣ ከስሎቱ ብቻ በሚያገኘው ኃይል የሚሠራ ካርድ ሆነ። በዚህ መደብ ውስጥ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650 እና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 አሉ። የመጨረሻው የሚወስደው 70 ዋት ነው፤ ዲኤልኤስኤስ የተባለውን ምስልን በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ሠርቶ የማሳደግ ዘዴም ይችላል። ያንን አስመጣን፤ ከ4060 ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ራምና ኤስኤስዲ ተገዛ። 60 ኸርዝ ለሆነው ስክሪኑ ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስም መናገር ግድ ነው። ለአጎቱ በላክነው መልእክት «ባለ 6 ጊጋባይት» የሚለውን ለይተን ጻፍን፤ ምክንያቱም ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ሌላ ካርድ ነው፤ 130 ዋት ይወስዳል፣ ገመድም ይፈልጋል። አምራቾቹ የማይመሳሰሉ ካርዶችን በአንድ ስም መሸጣቸው የተለመደ ነው። ባለ 3 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 ከባለ 6ቱ የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ አይደለም፤ የቺፑ ማስሊያዎችም ተቀንሰዋል፣ 1280 የነበሩት 1152 ሆነዋል። ጂቲ 1030 መጀመሪያ የወጣው በጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዲዲአር4 የተገጠመለት በዚያው ስም ገበያ ገባ፤ የሜሞሪው ፍጥነት በሴኮንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወርዷል። አርኤክስ 580 ተብሎ 2048 የሚል ቁጥር የተጨመረበት ካርድም በማስሊያ ብዛት ከአርኤክስ 570 ጋር እኩል ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ደህና ሲሠራ፣ አሮጌው ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ስለሚወርድ ይታመማል። ሻጭ የሚነግራችሁን ስም ብቻ ይዛችሁ አትክፈሉ። ሙሉ ስሙን፣ የሜሞሪውን ዓይነትና መጠን ጠይቁ።

ስለ ሜሞሪ መጠን ሰዎች ይከራከራሉ፤ የእኔ መመዘኛ ይህ ነው። ለቆዩና ለቀላል ጨዋታዎች 4 ጊጋባይት ያስኬዳል። ለዛሬ ጨዋታዎች 8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ በ1440 ለሚጫወት ሰው 12 ቢሆን እመርጣለሁ። ሜሞሪ ሲያንስ የሚመጣው ችግር የፍሬም ቁጥር መቀነስ ብቻ አይደለም። ጨዋታው በየመሐሉ ደርቆ ይቆማል፣ ግድግዳውና መሬቱ ደብዝዞ ይታያል። አማካይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ጨዋታው የሚያስመርረው በዚህ ጊዜ ነው።

ዕድሜም ይታያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው አዲሱ የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ የሚያሰላ ክፍል) በቺፑ ውስጥ የሌለውን ካርድ አይቀበሉም። ጂቲኤክስ 1660 ወይም 1080 ቲአይ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው እነዚህን ለማጫወት አልተፈቀደለትም። ኤንቪዲያም ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። የሚጫወቱት የቆየውን ከሆነ እነዚህ ካርዶች ዛሬም ያገለግላሉ፤ አዲሱን ከሆነ ግን በርካሽ ዋጋቸው አትሳቡ።

ያገለገለ ካርድ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም ለብዙ ደንበኞቼ የምመክረው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱ (ማይኒንግ) ሲቆም በዓለም ዙሪያ ሌትና ቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ገበያ ገቡ። እንዲህ ያለ ካርድ ብዙ ጊዜ ቺፑ ጤነኛ ሆኖ ፋኑ ያረጀ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱም የደረቀ ይሆናል። አንዳንዱ ላይ ባዮሱ ለማይኒንግ ተብሎ ተቀይሯል፤ ወደ ዋናው መመለስ አለበት። ከዚህ የከፋው ሐሰተኛው ነው፦ ያረጀ ካርድ በተቀየረ ባዮስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። 1050 ቲአይ ነኝ የሚል ካርድ የቪጂኤ መሰኪያ ካለው ያኔውኑ ተጠራጠሩ፤ ያ ትውልድ ለአሮጌው የቪጂኤ ምልክት የሚሆን ክፍል በቺፑ ውስጥ የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት ካርዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት እዩ፤ ሙቀቱን አንብቡ፣ የፋኑን ድምፅ ስሙ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር መኖሩን ተመልከቱ፣ መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሩ። «ቤት ወስደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ገንዘቡንም ቤት ወስዳችሁ እስክትሞክሩ ይጠብቅ።

አዲስ አበባ ላይ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው ይቀንሳል። ቀዝቃዛው የአየር ጠባይ ያግዘናል፤ ቢሆንም ጠባብ ኬዝ ውስጥ ትልቅ ካርድ አታፍኑ፣ አቧራውንም በየጊዜው አስጠርጉ። ሁለተኛው መብራት ነው። ሲጠፋና ሲመጣ፣ ከፍ ዝቅ ሲል የሚደርሰው ጉዳት ፓወር ሰፕላዩን አልፎ ካርዱን ሊገድል ይችላል። ደህና ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ የካርዱ ዋጋ አካል ሆኖ መታሰብ አለበት። ለእሱ የሚሆን ካልተረፈ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ምረጡ።

ከውጭ የሚያስመጡም ይህን ያስቡ፦ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። ዘመዳችሁ ገና እዚያው ሳለ ካርዱን እንዲያስሞክር ለምኑት፣ ደረሰኙንም ይያዝ። ተገጣጥሞ የሚመጣ ኮምፒውተር ከሆነ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፤ ከባድ ካርድ በመንገድ እየተወዛወዘ ስሎቱን ይሰብራል። የካርዱን ርዝመትና ውፍረት ከኬዛችሁ ጋር አስቀድማችሁ በሜትር ለኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗል። ያልተጠና ግዢ የሚያስከፍለው በዚያው ልክ ከብዷል። ስለዚህ ለምትገዙ ሁሉ የማሳስበው ይህ ነው፦ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ ወይም ወደ ዘመድ ከመደወላችሁ በፊት የስክሪናችሁን ሬዞሉሽንና ኸርዝ፣ የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ስም፣ የፓወር ሰፕላያችሁን ዋትና ገመዶች፣ የኬዛችሁን ስፋት፣ የምትጫወቷቸውን ጨዋታዎች በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱን ለምታምኑት ባለሙያ አሳዩ። ባለሙያው ወረቀቱን ሳያነብ የካርድ ስም ከጠራላችሁ፣ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።