ምን መጽሐፍ ላምጣልህ?

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እኛ የአትላንታ ሰዎች መጀመሪያ የምናዝዘው በርበሬና ሽሮ ነው። ኪሎ ከተረፈ መጽሐፍ ይከተላል። በቅርቡ አንድ ወዳጄ «ሁለት ብቻ፤ ምን መጽሐፍ ላምጣልህ?» ሲለኝ ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ሁለት ብቻ ሲባል የሚያከብሩትን መጽሐፍ ከሚወዱት መለየት ግድ ይላል፤ ይህን ደግሞ ብዙም አልለመድነውም። በምረቃ አዳራሽ ያልተሞገሰ መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ ቤት ስንገባ ግን ግማሹን ሳንጨርስ መደርደሪያ ላይ እንተወዋለን። እስቲ ዛሬ ሳልፈራ ልናገር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙዎቻችን የወደድነው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው፤ እኔም ያደነቅኩት ልብ ወለዱን ይሁን ድምፁን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። በዓይኔ ሳነበው የሚይዘኝ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ገጹን ቶሎ ቶሎ እገልጣለሁ። ባላገሩ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሣ፣ ጉዱ ካሳ አፉን ሲከፍት ግን ሻዬ ይቀዘቅዛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ስለ ሹምና ስለ ገባር እንዲህ መናገሩ ዛሬም ይገርመኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ ለእኔ የፍቅር ሳይሆን የፍርድ ደራሲ ናቸው።

የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ሥነ ጽሑፍ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ ያነበብኩትን መጽሐፍ እንዲህ ብዬ ማማት አልችልም። የጣናን ገዳማትና የስለላን ዓለም በአንድ ታሪክ ማሰር ድፍረት ይጠይቃል። ችግሩ ሰዎቹ ናቸው፤ ምስጢር ተሸክመው ይሮጣሉ እንጂ ሲደክማቸው፣ ሲርባቸው አይታየኝም። ሁለተኛ ጊዜ አላነበብኩትም። ቢሆንም የአማርኛ መጽሐፍ ከነካ ዓመታት ያለፉትን የአክስቴን ልጅ ወደ ንባብ የመለሰው እሱ ነው።

ግጥም ላይ አጭር እሆናለሁ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» በዓይን ብቻ ማንበብ አልሆነልኝም። ሰውየው የቴአትር ሰው ነው፤ ግጥሙ አፍ ይፈልጋል። ወጥ ቤት ገብቼ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ይከፈትልኛል፤ ባለቤቴም «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» ትለኛለች።

ከግለ ታሪክ ደግሞ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን «የሕይወቴ ታሪክ» የሚያህልብኝ የለም። ገና በልጅነታቸው ከአድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው መድፈኛነት የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ማሞገስ ይወዳሉ፤ የተቀየሙትን አይምሩም። እኔን ግን ትዕቢታቸው ራሱ ያዝናናኛል፤ ትሑት ሆነው ቢጽፉ ኖሮ ግማሹን ይደብቁን ነበር።

የሚከብደኝ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ግዙፍ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መመለሱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በወጣትነቴ ሳነበው ጆርጂያ የት እንደሆነች በቅጡ አላውቅም ነበር። ያየሁት ስካርሌትን ብቻ ነው፤ ጦርነት ቤቷን አራቁቶባት፣ እንዳትራብ አፈር የምትቧጥጥ ሴት። ጦርነትና ረሃብ ላየው ለእኔ ትውልድ ዘመድ ነበረች።

አሁን የምኖረው መጽሐፉ በተጻፈበት ከተማ ነው። ደራሲዋ የኖረችበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ታክሲ ስነዳ ብዙ ጊዜ በደጁ አልፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደገና ሳነበው እጄ ላይ ከበደኝ። ባሪያዎቹ ጌቶቻቸውን የሚወዱ፣ ነጻነት የማያምርባቸው ተደርገው ተሥለዋል። ሌሊት እየወጡ ጥቁር የሚያሳድዱት ሰዎች ደግሞ የተከበሩ ጨዋዎች ናቸው። በወጣትነቴ ይህን ሁሉ አንብቤ አልፌዋለሁ። ራሴን ከጥቁሮቹ ወገን አልቆጠርኩም፤ ከእመቤቲቱ ጎን ቆሜ ነበር የማነበው። ባርነት እኛም አገር በአዋጅ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን እያወቅሁ፣ ከማን ጎን መቆም እንደለመድኩ አላሰብኩበትም ነበር።

አንድ ቀን እዚሁ የተወለደችው ልጄ በወጣትነቴ በጣም የወደድኩት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ርዕሱን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና «አባዬ፣ የምርህን ነው?» አለች። ስለ እስር ቤቱ፣ ስለ ሲጋራ ወረቀቱ ነገርኳት። «እሱ ስለ ተርጓሚው ነው፤ እኔ የጠየቅኩህ ስለ መጽሐፉ ነው» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስር ቤት ውስጥ «ነገ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን እኔ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ልፈርድ አልችልም፤ ትርጉሙንም አልንቅም። ግን ትርጉሙ የተወለደበት ታሪክ ስላስለቀሰን ልብ ወለዱን መመርመር ትተናል። የነቢይ ጽናት ለሚቼል ምሕረት አይሆንላትም። መጽሐፉ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። አልጣልኩትም፤ ለሰው ግን «ይህን አንብብ» ብዬ መስጠት ትቻለሁ፤ ከሰጠሁም አብሬ ቁጭ ብዬ ነው።

ለወዳጄ የተክለ ሐዋርያትን ብቻ አምጣልኝ አልኩት፤ የእኔን የተዋሰኝ ሰው እስካሁን አልመለሰልኝም። በሁለተኛው ቦታ ሽሮ ይጨምርበት።