ቀለበቱን የሚዘጋው ኬብል

ስታክ ማለት ራክ ላይ የተደረደሩ በርካታ ስዊቾች በአንድ አይፒ አድራሻና በአንድ ኮንፊገሬሽን እንደ አንድ መሣሪያ የሚሠሩበት አደረጃጀት ነው። የሲስኮ ካታሊስት 3750 ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እስከ 9 ስዊች ያቀናጃል፣ ስዊቾቹን የሚያገናኘው፣ ስታክዋይዝ የሚባለው የኬብል ቀለበትም በሴኮንድ 32 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ከፊት ያሉት ፖርቶች የተጠቃሚው ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ለስታክ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ተራ የኔትወርክ ገመድ አይገባባቸውም።

አገጣጠሙ ቀላል ይመስላል። የአንዱ ስዊች አንደኛ ፖርት ከቀጣዩ ሁለተኛ ፖርት ጋር ይያያዛል፤ የመጨረሻው ስዊች ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የኬብሉ ብሎኖችም በእጅ ይጠብቃሉ። የተጣደፈ ባለሙያ የሚዘለው ያችን የመመለሻ ኬብል ነው፤ ያለ እሷም ሁሉም ነገር ይሠራልና። ጉዳዩ የሚገለጠው ሌላ ገመድ የላላ ዕለት ነው። ቀለበቱ ዝግ ከሆነ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ስዊቾቹ አይለያዩም። ክፍት ከነበረ ግን ስታኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ወገን ያንኑ አይፒ አድራሻ ይዞ ይቀራል። ብልሽቱን የሚፈልገው ሰው አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ጋር እየተገናኘ ግራ ይጋባል።

ኬብሎቹ ግማሽ፣ 1 እና 3 ሜትር ናቸው። ረጅሙ ከሌለ አንድ ስዊች እየዘለሉ ወደ ታች መውረድ፣ በተዘለሉት በኩል ደግሞ ወደ ላይ መመለስ ቀለበቱን በአጭር ገመድ ይዘጋል።

ስታኩን የሚመራው ስዊች ማስተር ይባላል። የቅድሚያ ቁጥሩ ከ1 እስከ 15 ነው፤ ትልቁ ያሸንፋል። ካልተነካ ሁሉም ላይ 1 ስለሆነ፣ ማን እንደሚመራ ለዕድል ከመተው ለአንዱ 15፣ ለተተኪው 14 መስጠት ይሻላል። አዲስ ስዊች የሚጨመረው ኃይሉ ጠፍቶ፣ ገመዱ ከተሰካ በኋላ ነው። በርቶ ከተሰካ ሁለት ማስተሮች ይገናኛሉ፤ የተሸነፈው ወገን እንደገና ይነሳል፤ ያ ወገን ቀድሞ ሲሠራ የነበረው ስታክ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከኔትወርክ ይወጣል። የሶፍትዌሩ ስሪት አንድ መሆኑም አስቀድሞ ይታያል።

የስታክ ፖርት የሌላቸው ወይም በተለያየ ፎቅ ያሉ ስዊቾች የሚገናኙት በትራንክ ነው። ቃሉ ያወዛግባል፦ በሲስኮ አጠራር ትራንክ በርካታ ቪላኖችን (በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ምናባዊ ኔትወርኮችን) የሚሸከም መስመር ነው፤ በኤችፒ ፕሮከርቭ ግን የተጠቀለሉ በርካታ መስመሮች ማለት ነው። ሲስኮ ጥቅሉን ኢተርቻናል ይለዋል። ሁለት ገመድ ሳይጠቀለል ከተሰካ፣ መረጃ በክብ እንዳይዞር የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ አንዱን ይዘጋዋል፤ ሲጠቀለል ሁለቱም ይሠራሉ። የጥቅሉ ደንብ ኤልኤሲፒ እ.ኤ.አ. በ2000 በ802.3ኤዲ መስፈርት ወጥቷል። አራት የ1 ጊጋቢት መስመሮች 4 ጊጋቢት ይሆናሉ፤ ሆኖም አንድ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲቀዳ የሚያልፈው በአንዱ መስመር ብቻ ስለሆነ ከ1 አይበልጥም። ጥቅል ስዊቾቹን አንድ አያደርጋቸውም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይስተካከላል።

ሁለቱ ዘዴዎች አብረው ሲሄዱ ነው የሚያምሩት። ወደ ዋናው ስዊች የሚወጣው ጥቅል ገመዶቹ በሁለት የስታክ አባላት ላይ ከተከፈሉ፣ አንዱ አባል ኃይል ቢያጣ የቀረው ስታክ በሌላው ገመድ ይቀጥላል።