«ዝርያ» እና «መላመድ»፦ በዕፅዋት ጥበቃ ትርጉሞች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ዕፅዋት ዘረመልና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚጻፈው ጽሑፍ በአሁኑ ጊዜ በብዛት ወደ አማርኛ በመተርጐም ላይ ይገኛል። የሙያ ቃላት አልታጡም፤ በራሂ፣ ሀብለ በራሂ፣ ብዝኀ ሕይወት የተሰኙት ቃላት ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ችግሩ ያለው በአዲሶቹ ላይ ሳይሆን፣ ዱሮ በምናውቃቸውና ስለዚህም ማንም በማይጠራጠራቸው ሁለት ቃላት ላይ ነው። እነዚህም «ዝርያ» እና «መላመድ» ናቸው።

«ዝርያ» በተራው አነጋገር የትውልድ ሐረግን ያመለክታል። በእንስሳት እርባታ የቦረና ከብት ዝርያ ይባላል። በግብርና ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ «የጤፍ ዝርያ» ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት ግን ጤፍ በመላው አንድ ዝርያ ነው። በዘር ባንክ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው እያንዳንዱ ከረጢት ሳይቀር «ዝርያ» ሲባል ይሰማል። አንድ ቃል ብዙ ፍቺ መያዙ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጉዳት የሚያስከትለው ፍቺዎቹ ሳይለዩ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ነው።

«በሙቀት መጨመር ምክንያት የቡና ዝርያዎች በመጥፋት ላይ ናቸው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለአብነት እንውሰድ። ይህ ሁለት ፈጽመው የተለያዩ ነገሮችን ሊል ይችላል። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከታወቁት 124 የቡና ዝርያዎች 60 በመቶ የሚሆኑት ለመጥፋት የተጋለጡ ናቸው ማለት ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ገበያ የማያውቃቸው የጫካ ቡናዎች ናቸው። ሁለተኛው ፍቺ፣ አረቢካ በተባለው በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት እየጠበበ ነው ማለት ነው። የዓለም የአረቢካ እርሻ በአብዛኛው የመጣው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች ሲሆን፣ ሰፊው ልዩነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። የከፋና የያዩ ደን ቢመነጠር እንኳ አረቢካ በብራዚል እርሻዎች ላይ በሚሊዮን በሚቈጠር ዛፍ ይኖራል። ዝርያው አልጠፋም ይባላል፤ የጠፋው ግን ለነገው ሙቀት የሚያስፈልገው ሀብት ነው። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ስንዴና እንደ ማሽላ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ዘመን አይቀመጥም፤ በመሆኑም በዛፍነቱ፣ በደን ወይም በማሳ፣ መጠበቅ አለበት።

ፍቺው ከዐውዱ ይታወቃል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ትርጉሙን የሚያነበው የዕፅዋት ሊቅ ብቻ አይደለም፤ በጀት የሚመድበውም ባለሥልጣን ያነበዋል። ለእርሱ ዝርያ ከተጠበቀ ሁሉም ተጠብቋል። ገበሬው በዚህ አይሳሳትም። የእኛ ገበሬ ማሽላ ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩኬ» ብሎ ለይቶ ይጠራል፤ ገብሱንም «ሰነፍ ቆሎ» ይለዋል። ልዩነቱን በስም የጠበቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ተርጓሚው ሁሉንም «ዝርያ» ብሎ መጠቅለሉ የሚያሳዝን ነው።

«መላመድ» የሚያስከትለው ስሕተት ከዚህም የከፋ ነው። በአማርኛ የሚላመደው አንድ ሕያው ነው፤ ሙሽራ ከአማቷ ቤት ትላመዳለች፤ ደገኛ ከቆላ ሙቀት ይላመዳል። ተላማጁ ያው የቀድሞው ነው፤ የሚያስፈልገውም ጊዜና ትዕግሥት ነው። «ሰብሎች ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ይላመዳሉ» ተብሎ ሲተረጐም አንባቢው የሚረዳው ይህንኑ ነው። የዘረመል ሊቃውንት የሚሉት ግን ሌላ ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ ድርቁን የሚያስችል በራሂ የያዙት ተክሎች ዘር ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ሳይሰጡ ይቀራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የማሳው ስብጥር ይለወጣል። የተለወጠው ተክሉ ሳይሆን ትውልዱ ነው። በማሳው ውስጥ ልዩነት ከሌለ የሚመረጥ የለም፤ ጊዜም ትዕግሥትም አይረዳም።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ጥቅምም የሚታየው በዚህ ነው። አብዛኞቹ ከዚሁ ባንክ የወጡ 400 የዱረም ስንዴ ናሙናዎች በሐገረ ሰላምና በገረገራ ተዘርተው ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች መዝነዋቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤትም የገበሬዎቹን ምርጫ ከሀብለ በራሂ ክፍሎች ጋር አያይዞ አሳይቷል። ይህን ሥራ «ስንዴን ማላመድ» ብሎ መተርጐም ምርጫውንም መራጩንም ይደብቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። «ዝርያ» በዕፅዋት ጽሑፍ ለሥነ ሕይወት ፍቺው ብቻ ይዋል። ከዚያ በታች ላለው «ዘር» ይበቃል፤ ይኸውም «የገበሬ ዘር» እና «የተሻሻለ ዘር» ተብሎ ይለይ። «ምርጥ ዘር» የሚለው የገበሬው ዘር ያልተመረጠ ያስመስላልና ቢቀር ይሻላል። በባንክ ያለው «ናሙና» ይባል። በአንድ ዝርያ ውስጥ ላለው ልዩነት «ውስጠ ዝርያ ልዩነት»፣ በምርጫ ለሚመጣው ለውጥ «ትውልዳዊ መስማማት» ሊባል ይችላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለአንደበት እንደሚከብዱ አቅራቢው አይክድም፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ። ይሁን እንጂ ቃሉ እስኪገኝ ድረስ ተርጓሚው ቢያንስ ሐሳቡን በዐረፍተ ነገር ዘርዝሮ ይጻፍ እንጂ፣ አንባቢው ሰብሉ በራሱ ጊዜ ይለምደዋል ብሎ እንዲጽናና አያድርግ።