ዳኛን የሚዳኝ ፊት፤ ስለ ካርል ቴዎዶር ድሬየር የፊልም ሥራ

ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ነገር ግን ልብ የሚፈርደው ዓይን ባቀረበለት ምስክርነት ስለ ሆነ፥ ለሕዝብ ዓይን ሥዕል የሚያቀርብ ሰው ከዳኛ የማያንስ ኃላፊነት አለበት። ይህን ኃላፊነት ዕድሜውን ሙሉ ካሰቡበት የፊልም አዘጋጆች አንዱ ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድሬየር ነው። የሠራቸው ረጃጅም ፊልሞች ዐሥራ አራት ብቻ ሲሆኑ፥ ከእነዚህ ሦስቱን መርምረን ፍርድን ከመጥላት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ ለአንባብያን ልናሳይ እንወዳለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ድሬየር በ1889 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ተወለደ። እናቱ በሰው ቤት ታገለግል የነበረች ስዊድናዊት ነበረች፤ ያለ ጋብቻ የወለደችውን ልጅ ለማሳደግ አልተቻላትምና ለሌሎች ተሰጠ። ድሬየር የሚለውም ስም ከአሳዳጊው የወረሰው ነው። ወላጅ እናቱ በ1891 ዓ.ም. ሌላ ፅንስ ለማስወረድ ስትሞክር ሞተች፤ ይህንም የሰማው ካደገ በኋላ ነው። በጋዜጠኝነት ሥራ ቈይቶ ወደ ሲኒማ ገባና በ1919 ዓ.ም. «ፕሬዚዳንቱ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ። በዚያም ፊልም አንድ ዳኛ በወንጀል ተከሳ የቀረበችው ሴት ያለ ጋብቻ የወለዳት የገዛ ልጁ ሆና ያገኛታል። እንግዲህ የሥራው ሁሉ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ተነሥቶአል ማለት ነው፤ ፈራጁ ማን ነው? የሚፈረድበትስ ማን ነው?

ስሙን በዓለም ያስጠራው በ1928 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሠራው «የዣን ዳርክ ሕማም» ነው። ዣን በ1431 ዓ.ም. በሩዋን ከተማ በእሳት የተቃጠለች፥ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ዓ.ም. ቅድስት ብላ የሰየመቻት የገጠር ልጅ ናት። ድሬየር ጦርነቷን ትቶ ፍርዷን ብቻ ያዘ፤ ቃሉንም ከፍርዱ መዝገብ ወሰደ። ለፊልሙ የተሠራው ግንብ ብዙ ገንዘብ ፈጅቶ ሳለ፥ ተመልካች ግንቡን እምብዛም አያየውም። የሚያየው ረኔ ፋልኮኔቲ የምትባለውን ተጫዋች ያለ ምንም ቅባት የቀረበ ፊት ነው። በቅኔ ቋንቋ እንናገር ብንል፥ ፊቷ ሰም፥ ነፍሷ ወርቅ ናት፤ አዘጋጁም ወርቁ እንዲታይ ከሰሙ በቀር ሌላውን ሁሉ አራቀ።

ከመርማሪዎቹ አንዱ በእግዚአብሔር ጸጋ ውስጥ እንዳለች ይጠይቃታል። ጥያቄው ወጥመድ ነው፤ አዎን ብትል በትዕቢት፥ አይደለሁም ብትል በገዛ አፏ ትያዛለች። እርሷ ግን በጸጋው ከሌለች እንዲያገባት፥ ካለችም እንዲያጸናት እግዚአብሔርን እንደምትለምን ትመልሳለች። ፊደል ያልቈጠረች ልጅ ጉባኤውን ሁሉ ዝም አሰኘች። ይህን ሲያይ የማይደነግጥ የትምህርት ሰው ቢኖር ራሱን ይመርምር። መርማሪዎቹ መጽሐፍ ያነበቡ፥ ነገር ማራቀቅ የሚያውቁ ናቸውና፤ ኃጢአታቸው ዕውቀትን እውነትን ለመፈለጊያ ሳይሆን ሰውን ለማጥመጃ ማድረጋቸው ነው። በዚያን ዘመን የፓሪስ ሊቀ ጳጳስና የመንግሥት መርማሪዎች ፊልሙ ተቈራርጦ እንዲታይ አድርገው ነበር። እኛ ግን ከማንም በፊት የቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይቈረጥ ሊያየው ይገባል እንላለን።

ሆኖም ምስጋናውን ያለ ነቀፌታ አንሰጥም። በዚህ ፊልም የመርማሪዎቹ ፊት ገና ሲታይ ተፈርዶበታል፤ አንዱ ወፍራም፥ ሌላው የተሸበሸበ፥ ሌላው ምራቁን የሚተፋ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ክፉውን በአንድ ዓይን እንደሚሥሉት ያለ ነው። ለሥዕል ይህ የታወቀ ልማድ ነው፤ የፍርድን ጭካኔ ለሚነቅፍ ፊልም ግን ሳይሰሙ በመልክ መፍረድ ራሱ ፍርድ ማጓደል ይመስለናል። የፊልሙ ዋና ቅጅ በበርሊን በእሳት ጠፍቶ ነበር፤ በ1981 ዓ.ም. ግን ከመጀመሪያው ሥራ አንድ ቅጅ በኦስሎ አጠገብ በነበረ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተገኘ። በእሳት የሞተችው ልጅ ታሪክ ከእሳት ተረፈ።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው «ቫምፒር» ገንዘብ ሳያስገባ ቀረ። በ1934 ዓ.ም. ለሌላ ፊልም በኢጣልያ እጅ ወደ ነበረው ሶማልያ ሄዶ በወባ ታሞ ተመለሰ። ወደ ጋዜጠኝነቱም ገባ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረጅም ፊልም አላወጣም።

በ1943 ዓ.ም. አገሩ በጀርመኖች ተይዛ ሳለ «የቍጣ ቀን»ን አወጣ። ታሪኩ በ1623 ዓ.ም. የሆነ ሲሆን፥ አብሳሎን የሚባል ካህን በጥንቈላ የተከሰሰችን አሮጊት ለእሳት ይሰጣል። ነገር ግን ይኸው ካህን አስቀድሞ በዚያው ነገር የተከሰሰችን ሌላ ሴት፥ ልጇን ለማግባት ሲል አድኖአት ነበር። አሮጊቲቱ ይህን ታውቃለችና ያንኑ ምሕረት ትለምነዋለች፤ ይከለክላታል። በዚህ ፊልም ፈራጁ አስቀያሚ መልክ አልተሰጠውም፤ የተሰጠው የሚወቅሰው ኅሊና ነው። ድሬየር ከመልክ ወደ ኅሊና ተሻገረ።

ፍጻሜው ግን በ1955 ዓ.ም. የወጣው፥ በቬኒስም የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው «ቃል» ነው። የቲያትሩ ደራሲ ካይ ሙንክ የገጠር ቄስ ነበረ፤ በ1944 ዓ.ም. ጌስታፖ ገደለው። በታሪኩ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ክርስቶስ እያመኑ በአምልኮ ሥርዓት ተለያይተው ልጆቻቸውን ጋብቻ ይከለክላሉ። በአንደኛው ቤት ዮሐንስ የሚባል፥ ከብዙ ማንበብ የተነሣ ክርስቶስ ነኝ የሚል አእምሮው የታወከ ልጅ አለ። የወንድሙ ሚስት ኢንገር በወሊድ ትሞታለች። ቄሱ ተአምር በዚህ ዘመን አይሆንም ባይ ነው፤ ዶክተሩም በሙያው ይታመናል። አንዲት ሕፃን ብቻ እናቷ እንደምትነሣ ሳትጠራጠር የዮሐንስን እጅ ትይዛለች። እርሱም አእምሮው ተመልሶለት ይጸልያል፤ ሴቲቱም ከሣጥኗ ትነሣለች።

በዚህ ፊልም ክፉ ሰው የለም። የሚከራከሩት አዛውንት፥ የማያምነው ባል፥ ጥበበኛው ዶክተር፥ ሁሉም ክብራቸው ተጠብቆ ቀርበዋል። ፎቶግራፍ ማንሻው መሣሪያ ፊት ላይ አይወርድም፤ በቤቱ ውስጥ በዝግታ እየተመላለሰ ሁሉን እኩል ያያል። አንዳንዶች ዝግታው አሰለቸን ይላሉ። እኛ ግን ያ ዝግታ ባይኖር ትንሣኤው የምትሐት ሥራ በመሰለ ነበር እንላለን፤ ሞትን ቈሞ ያልጠበቀ ተመልካች ሕይወትን አይቀበላትምና።

በ1964 ዓ.ም. ያወጣው «ጌርትሩድ» በፓሪስ ተነቀፈ። ብዙ ዘመን የተመኘውን የኢየሱስን ታሪክ ሳይሠራ በ1968 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንግዲህ አዘጋጁ ዳኞችን በመዳኘት ጀመረ፤ ማንንም ባለመዳኘት ፈጸመ። ለተማረ ሰው የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የተማርነው ከመርማሪዎቹ ወገን ለመቀመጥ ነው፥ ወይስ የሕፃኒቱን እጅ ለመያዝ?